የሰባት ቀን ፕሬዝዳንት

ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ፕሬዝዳንት መንግሥቱ ኃይለማርያም አገር ጥለው መውጣታቸው በሬዲዮ ተነገረ። መንበሩ ለምክትላቸው ለሌተና ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን ቀረ። ፕሬዝዳንትነት ለኢትዮጵያ በ1980 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ፣ በተጠባባቂነትም ቢሆን፣ በዚያ ወንበር የተቀመጡ ጄኔራል እርሳቸው ብቻ ናቸው። መንግሥቱ ሌተና ኮሎኔል ነበሩ፤ ኋላ የመጡት ግርማ ወልደጊዮርጊስ ደግሞ መቶ አለቃ። ጄኔራሎቹ አማን አንዶምና ተፈሪ በንቲም አገር መርተዋል፤ ይሁን እንጂ የደርግ ሊቀመናብርት እንጂ ፕሬዝዳንቶች አልነበሩም፤ ሁለቱም በሥልጣን ሽኩቻ ተገድለዋል።

በጎጃም አገው ምድር ያለው የዳንግላና የእንጅባራ ሰው ግን አዲሱን ፕሬዝዳንት ከወዲያኛው ወገን ሆኖ ነው የሰማው። በየካቲት አማፂው ኢሕአዴግ በጎጃምና በጎንደር ዘመቻ ቴዎድሮስን ከፍቶ፣ በሳምንታት ውስጥ ባሕር ዳርን ይዞ ነበር። ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ዋና መንገድ ዳንግላን፣ እንጅባራንና ቡሬን አቋርጦ ደብረ ማርቆስ ይደርሳል። ይህ መንገድ ከመንግሥት እጅ ከወጣ በኋላ ውጊያው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ወለጋ አመራ። ተስፋዬ ሥልጣን ሲረከቡ አገው ምድር የእርሳቸውን ትእዛዝ የማይሰማ ምድር ከሆነ ወራት አልፈውታል። የፕሬዝዳንትነታቸውን ልክ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም፤ ግዛቱ ቀድሞ ሄዷል፣ የቀራቸው ማዕረጉ ነው።

ተስፋዬ ለውድቀቱ እንግዳ አልነበሩም። የደርግ አባል ሆነው ወደ ሥልጣን ከመጡ በኋላ በ1970ዎቹ መከላከያ ሚኒስትር ሆነዋል። በመጋቢት 1980 የኤርትራው አማፂ ሻዕቢያ አፍአበትን ከያዘ ከሁለት ወር በኋላ ኤርትራ ውስጥ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ አስተዳደሩም ለእርሳቸው ተሰጠ። በግንቦት 1981 የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ከሸፈ፤ በዓመቱ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። ሠራዊቱ ልምድ ያላቸውን አዛዦቹን ያጣው በጦር ሜዳ ብቻ ሳይሆን በገዛ መንግሥቱ እጅም ነው። ይህ እስከ ዛሬ የሚያንገበግብ ኪሳራ ነው።

ከዚያ ሳምንቱ ሮጠ። ግንቦት 15 አዲስ አበባ ላይ ከአፍሪካ አዳራሽ ፊት ለፊት የቆመው የሌኒን ሐውልት ከመቆሚያው ተነሣ። ግንቦት 16 አሥመራ ወደቀች። በዚያው ቀንና በማግስቱ እስራኤል ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያንን ከቦሌ በአውሮፕላን ወሰደች። ወንበሮቹ የተነሡለት አንድ ቦይንግ 747 ብቻውን ከ1 ሺህ በላይ ሰው ጫነ፤ እናቶች ልጆቻቸውን እንዳቀፉ ወለሉ ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ።

ግንቦት 19 ቀን አሜሪካዊው ዲፕሎማት ኸርማን ኮኸን ለንደን ላይ ተፋላሚዎቹን ሲያደራድሩ፣ ተስፋዬ ሠራዊቱን መቆጣጠር እንዳልቻሉ አዲስ አበባ ላለው የአሜሪካ ኤምባሲ አሳወቁ። ኢሕአዴግ ከተማዋን እንዲይዝ ኮኸን ሐሳብ ያቀረቡት ከዚህ በኋላ ነው። በማግስቱ፣ ግንቦት 20፣ ታጣቂዎቹ አዲስ አበባ ገቡ።

ጄኔራሉ ከጓዶቻቸው ጋር ጣሊያን ኤምባሲ ተጠለሉ። ሮም የሞት ቅጣት የሚጠብቃቸውን ሰዎች አሳልፋ አልሰጥም አለች። ቀናት ይቆያል የተባለው ጥገኝነት ዓመታት ፈጀ። ከግቢው ውጭ ሕገ መንግሥት ወጣ፣ የአዊ ዞን ተመሠረተ፣ ያ ጦር ያለፈበት እንጅባራም የዞኑ ዋና ከተማ ሆነ። ተስፋዬ ይህን ሁሉ ከአጥር ወዲህ እንደሆኑ 13 ዓመት አሳልፈው በ1996 ዓ.ም. እዚያው አረፉ። ሞት የተፈረደባቸው፣ በኋላም ቅጣታቸው ወደ ዕድሜ ልክ እስራት የተቀየረላቸው ሁለቱ ጓዶቻቸው ሌተና ጄኔራል አዲስ ተድላና ብርሃኑ ባይህ ከኤምባሲው የወጡት ደግሞ በታኅሣሥ 2013 ነው።