ክሬዲት የስቴት ድንበር ላይ ሲደርስ

ባለፈው እሑድ ማታ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ደወለችልኝ። አዲስ አበባ አሥረኛ ክፍል ታሪክ ያስተማርኳት ልጅ ናት፤ አሁን እንደኔው ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። እዚህ እንደመጣች ኮሚኒቲ ኮሌጅ ግቢ ያልኳት እኔ ነኝ። «ሁለት ዓመት በርካሽ ትማሪያለሽ፣ ከዚያ ወደፈለግሽው ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር ታደርጊያለሽ፤ ክሬዲት የትም ክሬዲት ነው» ብያት ነበር። እየሠራች 62 ክሬዲት ሞላች። ሌላ ስቴት ያለ፣ መግቢያው ከባድ የሆነ ዩኒቨርሲቲም ተቀበላት። እልል ብለን ሳንጨርስ ሌላ ደብዳቤ መጣ፤ ከ62ቱ የተቆጠረላት 38 ብቻ ነው። «ቲቸር፣ ምንም አይደል፣ አንድ ዓመት ነው» አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የታሪክ መምህር ነኝ ባይ የነገሩን ታሪክ ሳያውቅ ምክር ሲሰጥ እንዲህ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሳነብ ሰነበትኩ፤ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ ካሉት የሕዝብ ኮሚኒቲ ኮሌጆች አንጋፋው ኢሊኖይ ውስጥ ጆሊየት ከተማ በ1901 በስድስት ተማሪዎች የተከፈተው ነው። ሐሳቡን ያፈለቁት የከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኃላፊ ጄ. ስታንሊ ብራውን እና የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሬይኒ ሃርፐር ናቸው። እኔ ሁሌም ይህን ነገር የድሃ ልጅ እንዲማር ተብሎ የተሠራ አድርጌ ነበር የማስበው። ሃርፐር ግን ሌላም ስሌት ነበረው፤ ዩኒቨርሲቲው ምርምር ላይ እንዲያተኩር የጀማሪዎቹን ሁለት ዓመት ሌላ ቢሸከምለት ይወድ ነበር። ትራንስፈር የሚባለው መንገድ እንግዲህ ሲጀመር በሚተዋወቁ ሁለት ሰዎች፣ በአንድ ስቴት ውስጥ፣ በባቡር በሚደረስ ርቀት ላይ የተዘረጋ ነው። ጆሊየት ምን እንደሚያስተምር ቺካጎ ያውቃል። ክሬዲቱ የሚቆጠረው በዚህ መተዋወቅ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሩ ሰፋ። ፕሬዚዳንት ትሩማን ያቋቋሙት ኮሚሽን በ1947 ባወጣው ሪፖርት እስከ 14ኛ ክፍል ያለው ትምህርት በሕዝብ ገንዘብ፣ በነፃ እንዲሆን ጠየቀ፤ «ኮሚኒቲ ኮሌጅ» የሚለውን ስም በሰፊው ያስለመደውም እሱ ነው። ካሊፎርኒያ ደግሞ በ1960 ማስተር ፕላኗን አወጣች። ከሁለተኛ ደረጃ ተመራቂዎች የላይኛው 12.5 በመቶ ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ የላይኛው አንድ ሦስተኛ ወደ ስቴት ኮሌጆቹ፣ የቀረው ሁሉ ወደ ጁኒየር ኮሌጅ፤ ከዚያም ጎበዙ በትራንስፈር ይወጣል ተባለ። በዚያው ዓመት ደግሞ በርተን ክላርክ የሚባል የሶሲዮሎጂ ምሁር እነዚህ ኮሌጆች ብዙውን ተማሪ ሳያስከፉ፣ ቀስ እያሉ ሕልሙን «እንደሚያቀዘቅዙለት» ጻፈ። ክላርክን ሳነብ የራሴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፤ ልጅቷን ስንቴ «አይዞሽ፣ ይቆጠራል» ብያታለሁ!

ወደ ድንበሩ ስንመጣ ነገሩ ገንዘብ ነው። የስቴት ዩኒቨርሲቲን የሚደግፈው የስቴቱ ግብር ከፋይ ስለሆነ ከሌላ ስቴት የመጣ ተማሪ ብዙ እጥፍ ይከፍላል። በ1971 ከካሊፎርኒያ ኮሌጅ ወደ ኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ የተዛወረች አንዲት ተማሪ ነበረች። የኮኔቲከት ልጅ አግብታ፣ ኑሮዋን እዚያው መሥርታ ሳለ፣ ስታመለክት አድራሻዋ ካሊፎርኒያ ነበርና እስክትመረቅ ድረስ እንግዳ ነሽ ተባለች። ሕጉ እንደዚያ ይል ነበር። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1973 ቭላንዲስ እና ክላይን በሚባለው መዝገብ ልጅቷ ረታች። ዳኞቹ አንድ ሰው ነዋሪ መሆኑን የማስረዳት ዕድል ሊነፈገው አይገባም አሉ። ስቴቶች ከውጭ በመጣው ላይ ከፍ ያለ ክፍያ መጫናቸውን ግን አልነኩትም። የእኔዋ ልጅ የምትከፍለውም ይኼንኑ ነው።

ክሬዲቱም ግብሩን ተከትሎ ይሄዳል። ሜሪላንድ ውስጥ ቢሆን የትኛው ኮርስ የትኛውን እንደሚተካ ለዓመታት «አርትሲስ» በሚባል የኮምፒውተር መዝገብ ይታይ ነበር፤ ስምምነቱ በስቴቱ ኮሌጆች መካከል ስለሆነ ድንበሩን አይሻገርም። የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2004 እስከ 2009 የተዛወሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ ክሬዲታቸውን አጥተዋል ብሎ ገምቷል። ተማሪዬ ያጣችው 24 ክሬዲት፣ ወደ 39 በመቶ ነው። ከአማካዩ ትሻላለች ማለት ነው፤ ይህን ብዬ ላጽናናት ግን አፌ አልታዘዘልኝም። ዝነኞቹ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። ፕሪንስተን ከ1990 ጀምሮ አንድም የትራንስፈር ተማሪ ሳይቀበል ኖሮ በሩን መልሶ የከፈተው በ2018 ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ። የልጅቷን 24 ክሬዲት የሚያየው አንድ ቢሮ አይደለም፤ እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል የራሱን ኮርስ ያያል። የመጽሐፉ ስም፣ በየሳምንቱ የተማሩት ርዕስ፣ የፈተናው ብዛት የሰፈረበት የኮርስ ዝርዝር ከቀረበ እንደገና እንመለከታለን ብለዋታል። ከወደቁት ኮርሶች አንዱ የዓለም ታሪክ ነው፤ «እሱን ውሰጂ፣ ይጠቅምሻል» ያልኳት እኔው ነኝ። የሦስቱን ዝርዝር አግኝታለች። የታሪኩና የስታቲስቲክሱ ጠፍተዋል፤ ያስተማሯት መምህራን ኮሌጁን ለቀዋል።

እዚህ አካባቢ ኮሚኒቲ ኮሌጅ የተማራችሁ፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት እነዚህን ሁለት ኮርሶች የወሰዳችሁ፣ ወረቀቱን ወይም ፒዲኤፉን ያልጣላችሁ ካላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ቀነ ገደቡ የፊታችን ዓርብ ነው።