ጣት ሲፎክር

ሰሞኑን ስለ ምዝገባ፣ ስለ ወረቀትና ስለ መኖሪያ ፈቃድ ክፍያ ብቻ ስጽፍ ከርሜያለሁ። ዛሬ ስለ ሙዚቃ ልጻፍ። ቧልት አይደለም። እዚህ ማላኪያ ማታ ማታ ልጆቻችንን በምናስጠናበት ቤት፣ በወላጆች መዋጮ አንድ ጊታር ይገዛ ወይስ ይቅር በሚል ሁለት ሳምንት ሙሉ ተከራክረናል። አንድ የማከብራቸው ጋሼ «ጊታር እንጀራ አይሆንም» አሉ። ለእሳቸው የሚሆን መልስ በኪሴ የለኝም፤ የዘንድሮን የዱቄት ዋጋ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከተማሪዎቼ አንዱ ግን ጣልቃ ገብቶ «ቲቸር፣ እኛ ሀበሾች እኮ ዘፈን ነው ያለን፤ ጊታር ምን አለን?» አለኝ። ለሱ መልስ አለኝ። የታሪክ መምህር ነኝና ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

ልጁ ስልኩ ላይ ሞልቶት የሚዞረው ሄቪ ሜታል ነው። በተለይ ዘፋኙ ዝም ብሎ ጊታሩ ብቻውን የሚጋልብበትን ቦታ ይወዳል። ፈረንጆቹ ይህን አጨዋወት «ሽሬድ» ይሉታል፤ ቃሉ መተልተል፣ መቦጫጨቅ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ኤዲ ቫን ሄለን «ኢራፕሽን» የምትል፣ ሁለት ደቂቃ እንኳ የማትሞላ ቅንብር አወጣ። የቀኝ እጁን ጣቶች ጭምር የጊታሩ አንገት ላይ እያሳረፈ የተጫወታት ናት፤ ስንቱን ወጣት መኝታ ቤቱ ዘግቶበት እንዳስጠናችው እግዜር ይወቀው። በ1984 ደግሞ ስዊድናዊው ኢንግቬይ ማልምስቲን «ራይዚንግ ፎርስ»ን ይዞ መጣ። ይህ ሰው የጣሊያኑን የቫዮሊን ሊቅ ፓጋኒኒን የሚያደንቅ ነው። ጣቱ ክሩን እንጂ እንጨቱን እንዳይነካ ብሎ የጊታሩን አንገት በየፍሬቱ መካከል ያስጎደጎደ ነው። ልጁ አስደመጠኝ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች አፌን ከፍቼ ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደከመኝ። ሲሮጥ አየሁት እንጂ ወዴት እንደሚሮጥ አላየሁም።

«አንተንስ ያስከፋህ አልበም የለም?» አልኩት። ሳያቅማማ የሜታሊካን «ሴንት አንገር» ጠራልኝ። በ2003 የወጣ ነው፤ እሱ ገና አልተወለደም ነበር። የድራሙ ድምፅ ባዶ ጣሳ ይመስላል ብለው ብዙዎች ያማርራሉ። የልጁ ክስ ግን ሌላ ነው፦ በዚያ ሁሉ ርዝመት ውስጥ አንድም የጊታር ሶሎ የለም። ከርክ ሃሜትን የሚያህል ጊታሪስት ይዘው ሶሎ ነፈጉት። በ2008 «ዴዝ ማግኔቲክ»ን ሲያወጡ ሶሎውን መልሰውታል።

እንግዲህ እኔ ጣት በዛብኝ አልኩ፣ እሱ ጣት አነሰኝ አለ። ቆይቼ ሳስበው ቅሬታችን አንድ ነው። ሁለታችንም የምንጠብቀው አፍ ያልጨረሰውን ነገር ጣት እንዲናገርልን ነው።

ይህን ደግሞ አያቶቻችን ከማንም በላይ ያውቁታል። ፎካሪን ያየ ሰው ይመስክር። ፎካሪ ገና ሲነሳ አይቸኩልም። ወዲያና ወዲህ ይንጎራደዳል፣ ዘሩን ይቆጥራል፣ ይገታል። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ያወርደዋል፤ ቃሉ ከቃሉ እየተጋጨ፣ ድምፁ እየሻከረ። ትንፋሹ ሲያልቅ ሰው «በለው!» ይለዋል፣ እንደገና ይነሳል። ፍጥነቱ የሚያስፈራው ከዝምታ ስለሚነሳ ነው። በነገራችን ላይ፣ ይህ የምንኖርበት ሰፈር ስሙ ከዐረብኛው «ሲቪል» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። በሱዳን ከተሞች ከውትድርና የተሰናበቱ ሰዎች የሰፈሩባቸው ሰፈሮች ማላኪያ ይባሉ ነበር። ፉከራ የሚገባቸው ሽማግሌዎች ከአጥር ማዶም አሉ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጌታቸው መኩሪያ ልምጣ። በ1935 እ.ኤ.አ. ይፋት ተወለደ። በክራርና በማሲንቆ ጀመረ፣ በልጅነቱ ወደ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገብቶ ክላርኔትና ሳክስፎን ተማረ፤ ኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ሠራ። ይህ ሰው ያደረገው ነገር ለማውራት ቀላል ነው፤ ሽለላና ፉከራውን ከፎካሪው አፍ ወስዶ ሳክስፎን ውስጥ ከተተው። ያ መግታት፣ ያ መንጎራደድ፣ ያ በአንድ ትንፋሽ ማውረድ፣ ያ የሻከረ ድምፅ፣ ሁሉም በመሣሪያው ይሰማል። መድረክ ላይ እንደ ጀግና ለብሶ፣ ጎፈር ደፍቶ ይወጣ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሸክላ ያስቀረጸው በመሣሪያ ብቻ የሆነ አልበም «የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ» የሚል ስም ወጣለት። ፈረንጆቹ ሲሰሙት ከአሜሪካ ፍሪ ጃዝ ጋር ያነጻጽሩታል። ያነጻጽሩ፤ ሥሩ ግን ይፋት ነው። ሰባ ዓመት አልፎት በ2006 «ዘ ኤክስ» ከሚባል የኔዘርላንድ የፐንክ ባንድ ጋር «ሞአ አንበሳ»ን አሳተመ። የልጁን ሄቪ ሜታል የሚያህል ጩኸት ያላቸው ጊታሮች መሀል ቆሞ አንዴም አልተዋጠም። በ2016 አረፈ።

ሳክስፎኑስ ከየት መጣ? ይህን ለእናንተ በተለይ ልነግራችሁ ፈልጌ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ የነሐስ መሣሪያዎች መላካቸው ይነገራል። ባንዱን የሙዚቃ ቤት ያደረጉት ግን ስደተኞች ናቸው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1924 ኢየሩሳሌም ሲሄዱ ከአርመን እልቂት የተረፉ 40 ወላጅ አልባ ልጆች አገኙ፤ አዲስ አበባ አምጥተው የቤተ መንግሥት ባንድ አደረጓቸው። አርባ ልጆች እየተባሉ የሚጠሩት እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱን ባንድና የቴአትር ቤቱን ኦርኬስትራ አሠለጠነ። አገር የሌለው ልጅ፣ ለተቀበለው አገር መዝሙር ሠራለት። «ስደተኛ ምን ይሰጣል?» የሚል ሰው ሲገጥመኝ የምነግረው ይህን ነው።

ወደ ጊታሩ። ልጁ «ምን አለን?» ላለኝ አንድ ስም ብቻ እበቃለሁ፦ ሰላም ስዩም ወልደማርያም፣ የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ጊታሪስት። ማሕሙድ አሕመድ በ1975 «እረ መላ መላ»ን ሲያስቀርጽ ከኋላው አይቤክስ ነበር። በዓመቱ፣ በ1976፣ ባንዱ በራስ ሆቴል ድምፃዊ የሌለበት ሙሉ ሥራ ቀረጸ። ዘመኑን አስቡት፤ ደርግ ገብቷል፣ ሰዓት እላፊ ታውጇል፣ ሰው ጭፈራ ቤት ከገባ ተዘግቶበት ያድር ነበር። ቃል በሚያስጠይቅበት ጊዜ ጊታር ብቻውን ተናገረ። የሰላም ጊታር እንደ ማልምስቲን አይሮጥም፤ አንዲቱን ድምፅ አጥፎ፣ ሸርተት አድርጎ፣ ቅኝቱ ውስጥ ባሉት አምስት ድምፆች ዙሪያ እየዞረ ያጫውታታል። ክራር ሲደረደር የሚያውቅ ጆሮ ወዲያው ይለየዋል። ደግሞ ለኔ ኩራት የሚሆነኝ፣ ሰውየው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያጠናው ታሪክ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፉም ስለ ዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ ነበር። የሙያ ባልደረባዬ ብለው ይቆጣኝ ይሆን?

ከዚያ ያለውን በፍጥነት ልለፈው፣ ደስ አይለኝምና። ሸክላው ቆመ፣ ካሴት ተተካ፣ ባንዶች ተበተኑ። እኔ ደሴ ሳድግ የምንሰማቸው ብዙዎቹ ካሴቶች ድምፃዊው ግሩም፣ ከኋላው ግን አንድ ኪቦርድ ሁሉን ነገር የሚሠራባቸው ነበሩ። ጊታር የለ፣ ሳክስፎን የለ፣ ከስንኝ ወደ ስንኝ መሸጋገሪያው እንኳ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት። የኔ «ሴንት አንገር» እነሱ ናቸው። በ2012 ጃኖ ባንድ በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል አዘጋጅነት «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ ጓደኞቼ ሁለት ቦታ ተከፈሉ፤ «የፈረንጅ ሮክ በአማርኛ» ያሉ አሉ፣ እንደ እብድ የዘለሉ አሉ። የኔ ፍርድ መሀል ላይ ነው። ጊታሩ ቅኝታችንን በያዘበት ቦታ ፀጉሬ ቆሟል፤ የውጭውን ሩጫ በሮጠበት ቦታ ደክሞኛል። (ቫን ሄለንም ጃኖም የሥራቸውን ስም ከእሳተ ገሞራ መውሰዳቸው ግን ያስቀኛል።)

ኪቦርዱን ብቻ እንዳልኮንን የሚያደርገኝ ደግሞ ኃይሉ መርጊያ ነው። ዋልያስ ባንድ በሂልተን ሆቴል ይጫወት ነበር፤ በ1977 «ቸበለው»ን በመሣሪያ ብቻ ሠሩ። በ1981 ለዝግጅት አሜሪካ ሄዱ፣ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ በ1985 ብቻውን፣ በአኮርዲዮንና በኪቦርድ አንድ ካሴት ቀረጸ፤ ያ ካሴት ኪቦርድም በሰው ጣት ሲነካ እንደሚያለቅስ ያሳያል። ከዚያ ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው ሻንጣ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታተመ፣ ዓለም ዞረ፣ በ2018 «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጣ።

ጋሼ ይህን እንደሚያነቡት አውቃለሁ፤ ድምፅ የምንሰጠው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ 8 ሰዓት ላይ ነው። አዲስ አበባና ደሴ ያላችሁ ዘመዶቼ ደግሞ፣ ቁም ሳጥን ላይ አቧራ የጠጡ የአይቤክስ፣ የሮሃ ወይም የዋልያስ ካሴቶች ካሏችሁ አትጣሉ። በስልክ ቀድታችሁ በቴሌግራም ላኩልኝ፤ ፊቱንም ጀርባውንም፣ ከነጩኸቱ።