ዕድርና የአእምሮ ጤንነት

አባቶቻችን «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይላሉ። ዛሬ የምንነጋገረው ዘመዱን በአገር ቤት ትቶ ወደ መርካቶ የመጣው ሕዝብ በዕድር አማካይነት ዘመድ እንዴት እንዳበጀ፣ ይህም ለአእምሮ ጤንነት ስላለው ጥቅም ነው።

የአዲስ አበባ ዋና ገበያ አስቀድሞ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበረ። በ1928 ዓ.ም. ከተማይቱን የያዘው የፋሺስት ኢጣልያ መንግሥት ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት ሲል የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረው፤ መርካቶ የሚለውም ስም ከኢጣልያንኛ የመጣ ነው። ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ገበያው እየሰፋ ስለ ሄደ ከጉራጌ አገርና ከሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል ለሥራ የሚመጣው ሰው በረከተ።

ከእነዚህ መጤዎች ብዙዎቹ ቢታመሙ የሚጠይቃቸው፣ ቢሞቱ የሚቀብራቸው የሥጋ ዘመድ በአጠገባቸው አልነበረም። ስለሆነም በሰፈር፣ በትውልድ አገር ወይም በሥራ እየተሰበሰቡ በዕድር ታቀፉ። ዕድርተኛው በየወሩ ያዋጣል፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመርጣል፤ ጥሩምባ ሲነፋ ድንኳን ይተክላል፤ ቀብር ይውላል፤ ከሐዘንተኛውም ጋር ያመሻል። ከለቅሶ የቀረ ይቀጣል። ገንዘብ መርዳት ብቻ ቢሆን ኖሮ መዋጮው በበቃ ነበር፤ በቀሪው ላይ ቅጣት መጣሉ ግን ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን መታሰቡን ያስረዳል። ልቡ የተሰበረ ሰው በሰው መካከል ሲውል እንደሚጽናና ዕድርተኛው ከመጽሐፍ ሳይማር ያውቀዋል።

በዚያው በአዲስ ከተማ ለብዙ ዘመን በአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ቤት የነበረው የአማኑኤል ሆስፒታል ይገኛል። ሐኪም መድኃኒት ይሰጣል፤ የተሻለው ሰው ግን የሚመለሰው ወደ ሰፈሩ ነው። ወባ ወይም የሳንባ ምች የያዘውን «እግዜር ይማርህ» ሊል የሚገሠግሥ ጎረቤት የአእምሮ ሕመምተኛ ካለበት ደጅ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ያመነታል፤ ቤተ ሰቡም ከሐፍረት የተነሣ ሕመምተኛውን ይሸሽጋል። በቤልጅግ አገር ጌል በምትባል ከተማ ግን ነዋሪዎቹ የአእምሮ ሕመምተኞችን በየቤታቸው ተቀብለው ለብዙ መቶ ዓመታት አብረው ኖረዋል።

ዕድር ከቀብር ያለፈ ሥራ መሥራት ለእኛም አዲስ ነገር አይደለም። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በፊት በአዲስ አበባ አንዳንድ ዕድሮች ለሰፈራቸው ልማት ደክመዋል፤ በ1990ዎቹም ዓ.ም. ሌሎች በኤች አይ ቪ የታመሙትንና ወላጅ የሞተባቸውን ሕፃናት ረድተዋል። በዚያም ጊዜ ሕመምተኛው የሚሸሽ፣ ቤተ ሰቡም የሚያፍር ነበረ፤ ዕድሩ በገባበት ቤት ግን ሐፍረቱ ቀለለ።

እንግዲህ በሰፈራችንም ሆነ በመሥሪያ ቤታችን ያለን ዕድርተኞች በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ነገር እናሳስብ፤ ይኸውም አእምሮው የታመመውንና አስታማሚውን መጠየቅ በመተዳደሪያ ደንባችን እንዲጻፍ ነው። ሞቶ ልንቀብረው ቃል የገባንለትን ሰው በሕይወት ሳለ ልንጠይቀው ይገባናል።