ተነቅሎ የሚሄድ የአትክልት መደብ

በአራዳ ጓሮ የሌለው ግቢ ነበረ፣ ጤና አዳም የሌለው ግቢ ግን ብዙም አልነበረም። የአንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ተከራይ እንኳ ከቆርቆሮ አጥሩ ሥር በሶብላ፣ ቦታ ከተረፈው ደግሞ ጥቂት እግር ጎመን አያጣም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ መንደሮች ለመልሶ ማልማት ሲፈርሱ አንዲት የማውቃቸው እናት ሳጥንና አልጋቸውን በአይሱዙ ጭነው ሲነሱ ዓይናቸው የቀረው በድንጋይና በሲሚንቶ ያሠሩት የጎመን መደብ ላይ ነበር። «ልጄ፣ አፈሩን እንኳ በጆንያ ልውሰደው ይሆን?» አሉኝ። አራት ጆንያ ሞላን። ድንጋዩ እዚያው ቀረ።

ሕግ የተማረ ሰው እንዲህ ባለ ቦታም አንቀጽ ማሰቡን አይተውም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1132፣ ከአንድ ነገር ጋር የተያያዘና ሳይበላሽ ሊለይ የማይችል ነገር የዋናው ነገር ክፍል ነው ይላል። ቁጥር 1133 ደግሞ ዛፍና ሰብል ከመሬቱ እስኪለዩ ድረስ የመሬቱ ክፍል እንደሆኑ ይደነግጋል። በሲሚንቶ የተያያዘው የእኚያ እናት መደብ እንግዲህ የመሬቱ ነበር። ያለ ሚስማርና ያለ ሲሚንቶ የተገጣጠመ፣ ሳንቃው ከምሰሶው ተስቦ የሚወጣ መደብ ግን ሳይበላሽ ይለያል፤ ባለቤቱ ጭኖት ሊሄድ ይችላል ብዬ እከራከራለሁ። ጎመኑን ግን ቀድሞ መንቀል ነው!

የአሠራሩ ምስጢር ያለው ምሰሶው ላይ ነው። ሌላው ዓለም ይህን ለመሥራት በሁለት ጎኑ ቦይ የወጣለት የኮንክሪት ወይም የብረት ምሰሶ ይጠቀማል፤ ወፍራም አግዳሚ እንጨት ከላይ ወደ ታች በቦዩ ውስጥ ይንሸራተታል፣ በቃ። እኛ ዘንድ ማንኛውም በያጅ ሊሠራው ይችላል። የዩ ቅርጽ ያለው ብረት ከምናለሽ ተራ ይገዛል፤ ሁለቱን ጀርባ ለጀርባ ሲበይዱት የመሐል ምሰሶ፣ ጎን ለጎን በማዕዘን ሲበይዱት የማዕዘን ምሰሶ ይሆናል። ሳንቃው 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው የቦዩ ስፋት 5 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሁን። በያጁ «ልክ ይግጠም» ብሎ ይከራከራል፤ አይስሙት። እንጨት በክረምት ያብጣል፣ ልክ የገጠመው ሳንቃ ነሐሴ ላይ በመዶሻም አይወጣም። ብየዳው ካለቀ በኋላ ምሰሶው ሁለት ጊዜ አንቲረስት ይቀባ፣ በተለይ መሬት የሚገባው ክፍል።

ለአንድ ቤተሰብ 2 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መደብ ይበቃል። ከ1 ሜትር በላይ አያስፉት፤ ከሁለቱም ጎን እጅ መሐሉ ድረስ መድረስ አለበት፣ አፈሩም ሊረገጥ አይገባም። ሳንቃዎቹን ሁሉ በ1 ሜትር ቁመትና በ20 ሳንቲ ሜትር ወርድ ካስቆረጡ 12 ሳንቃና 6 ምሰሶ ይበቃሉ። ሁሉም አንድ ልክ በመሆኑ አንዱ ሲበሰብስ ከጎኑ ያለውን አፈር ጥቂት ገለል አድርጎ መተካት ነው። የምሰሶው ቁመት 80 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ግማሹ ይቀበራል። ዙሪያውን በድንጋይና በገረጋንቲ ጠቅጥቀው ያጥብቁት እንጂ ሲሚንቶ አያፍስሱበት፤ ያኔ ተመልሰን እኚያ እናት ዘንድ ነን። ሁለቱን የመሐል ምሰሶዎች በወፍራም ሽቦ አፈሩ ውስጥ አሳልፎ ማሰር ግዴታ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ስሠራ ይህን ንቄ፣ በዚያ ላይ እርጥብ ባሕር ዛፍ ተጠቅሜ ነበር፤ ክረምቱ ሳይጋመስ መደቤ እንደ ነፍሰ ጡር ሆዱ ተነፋ።

ስለ እንጨቱ ካነሳን ጽድ የሚያህል የለም፤ ምስጥም ብስባሴም ቶሎ አይደፍረውም። አዲስ ጽድ ማስቆረጥ ግን ነውርም ጉዳትም ነው። ከፈረሱ አሮጌ ቤቶች የሚወጣውን መፈለግ ይሻላል፤ አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል የተቀባውን ይተዉት። ያለበለዚያ በደንብ የደረቀ ባሕር ዛፍ ይሁን። ምስጥ ለመከላከል የተቃጠለ የሞተር ዘይት የመቀባት ልማዳችን ለአጥር እንጂ ለሚበላ ነገር አይሆንም። ፈረንጆቹ የሚወዱት አሮጌ የባቡር ሐዲድ አግዳሚም ብዙ ጊዜ ክሪዮሶት የተባለ ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ የሚወጣ ነገር የጠጣ በመሆኑ እሱን ፍለጋ መድከም አያስፈልግም።

ይህን ሁሉ ለጎመን? ይሉ ይሆናል። ፒያሳ እኮ የአትክልት ተራ አገር ነበር። ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከሄደ ወዲህ ዘንቢል ይዞ ወርዶ መመለስ ቀረ። በቆሸሸ የወንዝ ውሃ የሚለማው ሰላጣ ጉዳይም አለ።

ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው ሁለት ነገር ይወቅ። ይህ መደብ 0.8 ሜትር ኩብ አፈር ይይዛል፤ አፈሩ ውሃ ሲጠጣ ክብደቱ ከአንድ ቶን ያልፋል። ስለዚህ በረንዳ ላይ ፈጽሞ አይሠራም። ከሕንፃው ሥር ያለው መሬት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 አነጋገር የጋራ መጠቀሚያ ስለሆነ ምሰሶ ከመትከል በፊት የነዋሪዎቹን ማኅበር በጽሑፍ ማስፈቀድ ይገባል። የቃል ፈቃድ ኮሚቴው ሲቀየር ይረሳል።

የኮንዶሚኒየም ግቢ አፈር አብዛኛው የግንባታ ፍርስራሽ ነውና ሥሩን በዶማ ቆፈር አድርገው ውሃ እንዲሰርግ ያድርጉ እንጂ ፕላስቲክ አያንጥፉ። ሁለት እጅ ጥሩ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት ይሙሉ፤ አፈሩ መረሬ ከሆነ አሸዋ ይጨመርበት። ትኩስ ፍግ ችግኝ ያቃጥላል። ሥራውን ግንቦት ላይ መጨረስ ጥሩ ነው፤ ክረምቱ አፈሩን አስተኝቶ ዝቅ ያደርገዋል፣ መስከረም ላይ የጎደለውን ሞልቶ ቆስጣውን ማዛወር ነው።