የኮሚሽነሩ ቆብ ዓርማ
የደቡብ አፍሪካ ፖሊስ የቆብ ዓርማ፣ ብረት

ጠጋ ብለው ይመልከቱት። ኮከቡ ላይ የተቀረጸው እሬት ነው፤ በደረቅ መሬት የሚጸና፣ ሲቀምሱት የሚመርር ተክል።

ጃኪ ሰለቢ (1950–2015) እ.ኤ.አ. በ2000 የአገሪቱ ፖሊስ ብሔራዊ ኮሚሽነር ሆኑ። ቦታውን የያዙ የመጀመሪያው ጥቁር ናቸው። በፖሊስነት ግን ሠርተው አያውቁም፤ መምህር፣ በስደት የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ (ኤ.ኤን.ሲ.) ታጋይ፣ በኋላም ዲፕሎማት ነበሩ። በ1997 የፀረ ሰው ፈንጂ እገዳ ስምምነት የጸደቀበትን የኦስሎ ጉባኤ በሊቀመንበርነት መርተዋል። ያ ሥራቸው ዛሬም የብዙ ገበሬና እረኛ እግር እያተረፈ ነው፤ ከስማቸው ጋር አብሮ ሊነሳ ይገባል። በ2004 የኢንተርፖል ፕሬዚዳንት ሲሆኑም ከአፍሪካ ቀዳሚ ነበሩ።

የጣላቸው ወዳጅነት ነው። ግሌን አግሊዮቲ የተባለ የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴ ገንዘብ ይሰጣቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ ከብሪታንያ ስለዚሁ ሰው የተላከ ምስጢራዊ ሪፖርት አሳዩት። ሌባ እንዲይዝ የተሾመ ሰው ከዚህ የከፋ ምን ሊያደርግ ይችላል?

መስከረም 2007 የእስር ማዘዣ ያወጡባቸው ዋና ዐቃቤ ሕግ ቩሲ ፒኮሊ፣ በዚያው ወር በፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ ከሥራ ታገዱ። ክሱ ግን አልቀረም። ሐምሌ 2010 ፍርድ ቤት ሰለቢን በሙስና ጥፋተኛ አላቸው፤ በወሩም 15 ዓመት እስራት ፈረደባቸው። በኩላሊት ሕመም ምክንያት በ2012 በአመክሮ ተፈትተው፣ ጥር 2015 አረፉ።