ዘፈናችንን ለመጨረሻ ጊዜ የቀየረው አልበም የትኛው ነው? ቴዲ አፍሮ ከአዳማ ሲደመጥ



ይህ ርእስ ለታሪክ ጥናት አይመጥንም ያሉኝ ባልደረቦች ነበሩ። የአንድን ድምፃዊ አልበሞች እያነጻጸሩ መከራከር የሻይ ቤት ወግ ነው አሉኝ። የሻይ ቤት ወግ መሆኑን አልክድም፤ እኔም ክርክሩን የሰማሁት እዚያው ነው። ነገር ግን ይህ ወግ በአዳማ ሲነሣ ቶሎ ይከርራል። ሰዎቹ ስለ ዘፈን መነጋገር ጀምረው ስለ አፄ ምኒልክ ሲጨርሱ አይቻለሁ። ለምን እንዲህ እንደሚሆን መመርመር የታሪክ ሥራ ነው ብዬ ስለማምን እዚህ ቆሜአለሁ።

ጥያቄው ይህ ነው። ቴዎድሮስ ካሣሁን፣ ማለትም ቴዲ አፍሮ፣ በ1993 «አቡጊዳ»ን፣ በ1997 «ያስተሰርያል»ን፣ በ2004 «ጥቁር ሰው»ን፣ በ2009 «ኢትዮጵያ»ን አወጣ። ከእነዚህ መካከል የአገሪቱን የዘፈን አካሄድ ለመጨረሻ ጊዜ የለወጠው የትኛው ነው? ወጣቶቹ ሳያመነቱ «ኢትዮጵያ» ይላሉ፤ በቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣው እርሱ ነውና። የእኔ እኩዮች «ያስተሰርያል» ይላሉ። እኔ ከሁለቱም እለያለሁ፤ የምለያይበትን ምክንያት ግን ቀስ ብዬ ላስረዳ።

በመጀመሪያ መሸጥና መለወጥ ሁለት ነገሮች መሆናቸውን እንስማማ። አንድ አልበም በየቤቱ ገብቶ፣ በየሠርጉ ተጨፍሮበት፣ ከእርሱ በኋላ የመጣው ዘፈን ግን ከእርሱ በፊት እንደነበረው ሊቀጥል ይችላል። ለወጠ የምለው ሌሎች ዘፋኞች እርሱን ሰምተው አሠራራቸውን ሲቀይሩ፣ አድማጩም ከዘፈን የሚጠብቀው ነገር ሲቀየር ነው። ሦስተኛም ምልክት አለው፤ የሚቃወሙት ሰዎች እንኳ እርሱ በከፈተው ሜዳ ላይ ለመቆም ይገደዳሉ።

«አቡጊዳ»ን ፈጥኜ ልለፈው። በር ከፋች ነበር፤ ከእርሱ በኋላ ብዙ ስለመጣ ግን «የመጨረሻው» ሊባል አይችልም።

«ያስተሰርያል» ላይ ግን ልቆይ። ሬጌ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በቴዲ አይደለም። ከእኛ ወደ ደቡብ በሻሸመኔ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከባሕር ማዶ ለሚመጡ ጥቁር ሕዝቦች በሰጡት መሬት ላይ፣ ራስ ተፈሪያውያን ለአሥርተ ዓመታት ኖረዋል። በጥር 1997 የቦብ ማርሌ 60ኛ የልደት በዓል በመስቀል አደባባይ ሲከበር ሕዝቡ ለዜማው እንግዳ አልነበረም። ቴዲ ያደረገው ሌላ ነገር ነው። የአማርኛ ስንኝ ረጅም ነው፤ በፈጣኑ የጭቅጭቃ ምት ውስጥ ሲገባ ቃሉ ይታፈንና እግር ብቻ ይሰማል። የሬጌ ምት ዝግ ያለ ነው፤ ጊታሩ በምቶቹ መካከል ባለው ክፍተት ገብቶ ይወጣል፤ ለቃሉ ቦታ ይተዋል። በዚያ ቦታ ላይ ቴዲ ክርክር አስገባ፤ ያለፉ መንግሥታትን፣ በቀልን፣ ይቅርታን። ሙግት እየተጨፈረበት መስማት ለብዙዎቻችን አዲስ ነበር። ከዚያ በኋላ ሬጌ በአማርኛ ዘፈን ውስጥ እንግዳ መሆኑ ቀረ፤ ጆኒ ራጋንና እዮብ መኮንንን ማሰብ ይበቃል፤ ኃይሌ ሩትስም ጭቅጭቃንና ሬጌን አዋሕዶ «ቺጌ» ብሎ ስም አወጣለት።

ዘመኑንም አስታውሱ። ግንቦት 7 ቀን 1997 ምርጫ ነበር። የአልበሙ መጠሪያ ዘፈን የተቃዋሚው ወገን መዝሙር እስኪመስል ድረስ በየታክሲው ይሰማ ነበር። ይህች ከተማ ደግሞ በዚያው ሰሞን የራሷ ጉዳይ ነበራት። በ1992 የኦሮሚያ ዋና ከተማ ከአዲስ አበባ ወደዚህ እንዲዛወር ተወስኖ፣ ከብዙ ተቃውሞ በኋላ በሰኔ 1997 ወደ አዲስ አበባ እንዲመለስ ተደረገ። ስለዚህ አዲስ አበባ «ያስተሰርያል»ን የምርጫ ዘፈን አድርጋ ስትሰማ፣ አዳማ ያንኑ ካሴት የምትሰማው «ዋና ከተማችን የት ነው» በሚል ሌላ ጥያቄ መሐል ሆና ነበር። በመናኸሪያው አካባቢ «ናዝሬት፣ ናዝሬት» ብሎ ተሳፋሪ የሚጠራ ረዳትና «አዳማ» ብሎ የሚያርመው ሰው በአንድ መኪና ተሳፍረው፣ አንዱን ዘፈን አብረው ይሰሙ ነበር። ያኔ ዘፈኑ አላጣላቸውም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ «ያስተሰርያል» ዘፈኑን ቀየረ። ክርክሩ የሚቀጥለው «ከእርሱ በኋላስ?» በሚለው ላይ ነው።

በሚያዝያ 2004፣ በፋሲካ ሰሞን፣ «ጥቁር ሰው» ወጣ። በዜማ አሠራሩ ከ«ያስተሰርያል» የላቀ ነው አልልም፤ እንዲያውም አንዳንዱ ክፍል ይጫነኛል። የመጠሪያው ዘፈን ግን ዓድዋን ከመማሪያ መጽሐፍና ከበዓል ቀን ንግግር አውጥቶ፣ በፉከራና በቀረርቶ መንፈስ፣ በአልባሳትና በጦር ሜዳ ትእይንት በተሠራ ቪዲዮ ለወጣቱ አቀረበው። ያ ቪዲዮ ክሊፕ ለዘፈን ማስታወቂያ ብቻ አልነበረም፤ ራሱ የታሪክ ትረካ ነበር። ከእርሱ ወዲህ አንድ ትልቅ ዘፈን ከታሪክ ወገን የትኛውን እንደያዘ ሳይጠየቅ የሚያልፍበት ጊዜ አከተመ። ለእኔ ዋናው ለውጥ ይህ ነው።

ይህ ለውጥ እዚህ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ እንዴት እንደተሰማ ለመረዳት ካርታ መመልከት ይበቃል። ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደውን መንገድ ያዙ፤ አርሲ ትገባላችሁ። የምኒልክ ሠራዊት አርሲን ለማስገበር የተዋጋው በ1870ዎቹ ዓ.ም. ነው። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው። በሁለቱ መካከል የአንድ ትውልድ ዕድሜ እንኳ የለም። በዓድዋ የኦሮሞ ፈረሰኞች መዋጋታቸውና መሞታቸው እውነት ነው፤ በአርሲ የሆነውም እውነት ነው። አንድ ቤተሰብ ሁለቱንም ትዝታ ይዞ ሊኖር ይችላል፤ ብዙ ቤተሰቦችም ይዘው ኖረዋል። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን ግን ሁለቱን አይዝም። አንዱን ይመርጣል።

ውጤቱ ለመታየት አልዘገየም። በ2006 የበደሌ ቢራ ሊደግፈው የነበረው «የፍቅር ጉዞ» የተሰኘ የኮንሰርት ዙር፣ በአንድ መጽሔት ላይ የምኒልክን ዘመቻ በሚመለከት በድምፃዊው ስም በወጣ ቃል ምክንያት ውግዘት ገጠመው። ቴዲ ቃሉን አልተናገርኩም ብሎ አስተባበለ፤ የቢራ ፋብሪካው ግን ድጋፉን አነሣ። በዚያው ዓመት በአርሲ ሄጦሳ የአኖሌ የሰማዕታት ሐውልት ተመረቀ። ሐውልቱ የዘፈኑ መልስ ነው አላልኩም፤ የራሱ የቆየ ምክንያት አለው። ነገር ግን ከአዳማ ሆኖ ለሚያይ ሰው ሁለቱ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ክርክር ውስጥ ነበሩ።

ሌላም ጥንቃቄ ላድርግ። የኦሮምኛ ዘፈን ቴዲን ጠብቆ ስለ ታሪክ መዝፈን አልጀመረም። አፍረን ቀሎ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በድሬዳዋ የሠራውን፣ አሊ ቢራም ከዚያ ቡድን ወጥቶ ዕድሜ ልኩን የተሸከመውን የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም። ሃጫሉ ሁንዴሳም ለማንም መልስ ለመስጠት አልዘፈነም። ሆኖም ከ«ጥቁር ሰው» ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ «ማለን ጂራ» ሲመጣ፣ አድማጩ ዘፈንን የታሪክ ምስክርነት አድርጎ መስማትን ለምዶ ነበር። አንዱን ወድዶ ሌላውን የሚጠላው ሰው እንኳ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ነበር የሚመዝነው። ቀደም ሲል ያልኩት ሦስተኛው ምልክት ይህ ነው፤ እኔን «ጥቁር ሰው» ያሰኘኝም በዋናነት እርሱ ነው። የአልበሙ አፍቃሪዎች በዚህ ምክንያት ደስ እንደማይላቸው አውቃለሁ። ያፈራውን ተቃውሞ ቆጥሬ ነው የማከብረው።

«ኢትዮጵያ»ስ? ሚያዝያ 24 ቀን 2009 ሲወጣ አገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበረች። ሰባት ወር ቀደም ብሎ፣ መስከረም 22 ቀን፣ እዚህ አጠገባችን ቢሾፍቱ፣ በሆራ አርሰዲ የኢሬቻ በዓል ላይ ሰዎች አልቀዋል፤ በሳምንቱ አዋጁ ታወጀ። በአንድ በኩል አልበሙ በየባጃጁ ይሰማ ነበር፤ በሌላ በኩል ከቢሾፍቱ ሐዘን ያልወጡ ቤቶች ነበሩ። «ማር እስከ ጧፍ» ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» መንፈስ የተቀዳ ውብ ሥራ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። «አፄ ቴዎድሮስ» የተሰኘው ዘፈን ግን «ጥቁር ሰው» ያቀናውን መንገድ ተከትሎ የሄደ ነው፤ መንገድ አልቀደደም። ያን ጊዜ ለውጡ ከአልበም ወጥቶ ወደ ነጠላ ዜማና ወደ ዩቲዩብ ተሻግሮ ነበር። በታኅሣሥ 2010 ሃጫሉ በአዲስ አበባ ሚሌኒየም አዳራሽ፣ ከሶማሌ ክልል ለተፈናቀሉ ወገኖች በተዘጋጀ መድረክ ላይ «ጂራ»ን ሲዘፍን፣ አልበም ሳያስፈልገው የአንድ ትውልድን ስሜት ይዞ ነበር። በ2010 ደግሞ ሮፍናን «ነፀብራቅ»ን ይዞ በኤሌክትሮኒክ ድምፅ መጣ፤ ከዚያ በኋላ የተነሡ ወጣት አቀናባሪዎች ጆሮአቸውን ወደ እርሱ አዘነበሉ። ቴዲም ራሱ በተከታዮቹ ዓመታት «ደሞ በዓባይ»ን፣ «አርማሽ»ንና «ናዕት»ን በነጠላ ነው ያወጣቸው። «ኢትዮጵያ» ትልቁ አልበም ነው፤ ዘመኑ ከአልበም እየወጣ ሳለ የመጣ ትልቅ አልበም።

አሁን ወደ መናኸሪያው ልመለስ። በነሐሴ 1996 በአቴንስ ኦሊምፒክ፣ የበቆጂው ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን በ10,000 ሜትር ሩጫ ላይ ታላቃቸውን የአሰላውን ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ዞር ብለው ሲጠብቁ አገር አየ። ቴዲ «ታሪክ ተሠራ»ን ዘፈነላቸው። የአርሲ ልጆች በአማርኛ ሲወደሱ አዳማ ውስጥ ቅር ያለው ሰው አላጋጠመኝም። ከ16 ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 22 ቀን 2012 ሌሊት ሃጫሉ አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደለ። በተከተሉት ቀናት ሻሸመኔ ነደደች፤ ባቱም አልተረፈችም፤ በሁለቱም ከተሞች የነበሩት የኃይሌ ሆቴሎች ተቃጠሉ። ያ ሁሉ የሆነው በዘፈን ምክንያት ነው የሚል ሰው ካለ አልስማማም፤ መሬት፣ ሥልጣን፣ ሥራ አጥነትና የመንግሥት ጥይት ከማንኛውም ዜማ ይከብዳሉ። ነገር ግን በ1996 አብረው የሰሙት ሰዎች በ2012 አብረው ሊያለቅሱ ያልቻሉት ለምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ፣ በመካከላቸው ካገኘኋቸው ነገሮች አንዱ፣ ትንሹም ቢሆን፣ በ2004 የፋሲካ ሰሞን የወጣው ያ አልበም ነው። ስለዚህ ነው «ጥቁር ሰው» የምለው።

ሰዓቴ አልቋል። በአዳራሹ ውስጥ «ኢትዮጵያ» የሚሉ ብዙ ወጣቶች እንዳሉ ከፊታችሁ አነባለሁ። እጃችሁን አንሡ፤ ጥያቄውን ከእናንተ እጀምራለሁ።