በቀሚስ መድረክ የወጡት አባባ ተስፋዬ



ተስፋዬ ሣህሉን በ«አባባ ተስፋዬ»ነታቸው ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ቴሌቪዥን አገራችን በገባበት በ1957 ዓ.ም. የጀመሩትን የልጆች ዝግጅት ከ40 ዓመት በላይ መርተዋል። በዓይናችን የቀረው ምስላቸው ተረት የሚነግሩ ሽማግሌ አባት ነው። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ምስል ነበራቸው፤ መድረክ ላይ ሴት ሆነው ይጫወቱ ነበር።

ባሌ ተወልደው አዲስ አበባ የመጡት አባባ ተስፋዬ ቴአትር ሲጀምሩ፣ ሴት ልጅ መድረክ መውጣቷ እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። ተዋናይም እንደ አዝማሪ ይናቅ ነበርና ልጁን የሚልክ ወላጅ አይገኝም። በተውኔቱ ውስጥ እናት፣ ሚስት ወይም ሙሽራ ስትኖር ግን አንድ ሰው መሆን ነበረበት። አባባ ተስፋዬ ቀሚስ ለብሰው ወጡ፤ ሕዝቡም ሳቀ፣ ወደዳቸውም። ነገሩ በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በእንግሊዝ እስከ 1660 እ.ኤ.አ. ድረስ የሼክስፒርን ጁልየት የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ።

ከቃኘው ጦር ጋር ኮሪያ ድረስ ሄደው ወታደሮቻችንን አዝናንተዋል። በኋላም በብሔራዊ ቴአትር ሠርተዋል። የእኛው የአምቦ ቦዳ ልጅ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በደረሱት «ሀ ሁ በስድስት ወር» ላይም ተጫውተዋል። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. አረፉ።

እኛ የምናመሰግናቸው ስላሳቁን ብቻ አይደለም። ሴት ባልነበረችበት መድረክ ቦታዋን ይዘው ቆዩ፤ እነ አስናቀች ወርቁ ሲመጡ ደግሞ ቦታው ለባለቤቶቹ ተመለሰ። ሴትን ሴት ስትጫወታት ተመልካቹ የሚስቀው በቀሚሱ መሆኑ ቀርቶ በነገሩ ሆነ።

ይህ ታሪክ ለእኛም ይናገራል። ከአምቦ፣ ከጉደርና ከጊንጪ የምንሰበሰብ እናቶች የቁጠባ ደብተሩ በስማችን ሆኖ ሳለ፣ ስብሰባ ላይ ባል ወይም ወንድም ሲናገርልን ዝም የምንልበት ጊዜ አለ። ደግነታቸውን አንክድም፤ ቦታው ግን የእኛ ነው። ስለዚህ ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ በዚህ ጋዜጣ በሚወጣ በእያንዳንዱ የአባል ፎቶግራፍ ሥር የሚሰፍረው ቃል የራሷ የባለፎቶዋ እንዲሆን እንጠይቃለን። መጻፍ የማትችል ትናገር፤ እኛ እንጽፍላታለን።